ለኔ ቀጥ ብሎ የታየኝ ሠንጠረዥ

ሰኞ፣ ጥር 6

አያት ልሆን ነው! አያት! ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቦርሳዬ ክንዴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የምጽፈው። ልጄ አሁን ደውላ "እማ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ በይ የተባለ ሰው መቼ ደህና ነገር ሰምቶ ያውቃል? ልቤ ስንጥቅ አለ። እሷ ግን "ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ" አትለኝም! ስድስተኛ! ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስለጨነገፈባት፣ እስኪጸናላት ድረስ ለወለደቻት እናቷም ትንፍሽ አላለችም። ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ እንደገና ተቆጣኋት። "እማ፣ ቁጣሽን ጨርሺና ንገሪኝ፤ ደስ አላለሽም?" አለች። ደስ ማለት! የሚበቃ ቃል ቢገኝለት እኮ ነው።

እንዴት ከረምሽ ደብተሬ። ሰላምታው ተዘለለ፤ ይኸው አሁን። ባሏ ወደዚህ ከተማ ተዛውሯል፤ ከመውለዷ በፊት እኔ ሰፈር ይገባሉ። "ሥራ ስመለስ ልጄን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጥም፤ ቃል ግቢልኝ" አለችኝ። ገባሁላት። የኔ ሥራ ቀትር ላይ ያልቃል፤ ከቀትር በኋላ ሕፃኑ የኔ ነው። ነገ ለመላው ሆስፒታል እናገራለሁ። "ሬዲዮ" ብለው የሰየሙኝ በከንቱ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ደስታ ደስታን ይጠራል መሰለኝ፣ ዛሬ ደግሞ ኪቦርዴ ተለወጠልኝ። አሮጌው ፊደሎቹ ተፍቀው አልቀው በዳበሳ ነበር የምጽፈው። ንብረት ክፍሉ ከእርዳታ ዕቃ መሃል አንድ አውጥቶ ሰጠኝ። ከተለመዱት ፊደሎች ጎን ማንም የማያነበው የሩቅ አገር ፊደል ተጽፎበታል።

ሥራዬን ለማያውቅ ልንገር። በየጠዋቱ ነርሶች የታማሚዎቹን የምግብ ትእዛዝ ያመጡልኛል። እኔ በሠንጠረዥ አድርጌ ምድር ቤት ላለው የኩሽና ኮምፒውተር እልካለሁ፤ እነሱ አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። በስተግራ የአልጋው ቁጥር፣ ከዚያ ጨው፣ ስኳር፣ ወተት፣ ጠጣር ምግብ የሚሉ ዓምዶች። ለታማሚው የተከለከለው ሥር ኤክስ አደርጋለሁ። ሠንጠረዥ ይባል እንጂ አንድም የተሰመረ መስመር የለውም፤ ፕሮግራሙ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። ኤክሱን ቦታው የማደርሰው ስፔስ የሚባለውን የክፍተት ቁልፍ እየመታሁ ነው። ስፔስ፣ ስፔስ፣ ስፔስ። ብርድ ሲሆን አውራ ጣቴ እንዴት እንደሚጠዘጥዘኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ታዲያ ዛሬ ከስፔሱ አጠገብ ያለችውን አንዷን እንግዳ ቁልፍ በስህተት ይዤ ስፔስ ብመታ፣ ክፍተቱ ሰፊ ሆነ! አንዴ መትቼ የሁለት ጊዜ መንገድ ሄደልኝ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው። ኤክሶቹ ዓምዳቸው ሥር ቀጥ ብለው እንደ ወታደር ቆመዋል። ለማንም አልናገርም። ሬዲዮም የራሱ ሚስጥር ይኑረው።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋቱን ሙሉ በሰፊው ክፍተቴ ነው የሠራሁት፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ።

ከረፋዱ ማንቆርቆሪያ ወረቀት እያወዛወዘች መጣች። ማንቆርቆሪያ የኩሽናው ዋና አብሳይ ናት፤ ስትናደድ በጥርሷ መሃል ስለምታፏጭ ነው ስሙ የወጣላት። አብረን አሥራ ምናምን ዓመት ሠርተናል።

"አንቺ ሬዲዮ፣ ምን ጠጥተሽ ነው ይሄን የጻፍሽው?"

አየሁት። ኤክሶቹ ሁሉ ወደ ግራ ተንሸራተዋል፤ አንዱ ሌላ ዓምድ ሥር፣ አንዱ መሃል ሜዳ ላይ። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ ነው።

"አሁን አስተካክለሽው ነው" አለች።

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ ደረጃ ሲወርድ ነው የተንሸራተተው?"

"እንጃ። ለኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደሜ ደረቀ። እሷ እየሳቀች ወረደች። እኔ አልሳቅኩም። ምክንያቱን ነገ እጽፋለሁ። ዛሬ እጄም እሺ አይለኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 22

እጽፈዋለሁ ብያለሁና ልጻፈው።

እናቴ ሕመሟ ሲጀምራት ከአሁኑ ዕድሜዬ ብዙም አትበልጥም ነበር። ማንም ሕመም ነው አላለም። አንድ ጠዋት ሹራቧን አንድ ቀዳዳ ዘላ ቆልፋ ወጣች። አንዱ ጫፍ ከላይ ተርፎ፣ አንዱ ከታች ተንጠልጥሎ። "እማዬ፣ ተዛንፏል እኮ" አልኳት። ወደ ደረቷ አየች፣ በእጇ ዳበሰችው፣ "ምኑ? ለኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ" አለችኝ። በዚያች ቃል፣ በዚያች ድምፅ። ሳቅንባት። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት።

በኋላ ደግሞ የሠራችውን መካድ መጣ። እቃ ከቦታው ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፣ "አልነካሁትም" ትላለች። አትዋሽም ነበር፤ አታስታውስም ነበር እንጂ። በመጨረሻ እኔን "የቤቱ እመቤት የት ሄደች?" ብላ ትጠይቀኝ ነበር።

ትናንት ወረቀቱ ጠማማ ነበር፤ ማንቆርቆሪያም አይታዋለች፣ እኔም አይቼዋለሁ። ስክሪኑ ቀጥ ያለ ነበር። ወረቀት በራሱ አይንሸራተትም። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ጠማማ አድርጌ ልኬ፣ ስህተቴን አይቼ አስተካክዬ፣ ማስተካከሌን ረስቻለሁ።

አይ። ደክሞኝ ነው። ሰው ይደክመዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 23

በቀስታ ሠራሁ። ሰፊውን ክፍተት ትቼ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ፣ ልክ መጀመሪያ እንደተማርኩ ሰሞን። ወረቀቱ ቀጥ አለ! ማንቆርቆሪያ "ዛሬስ ሳትሰክሪ መጣሽ" ብላ ላከችብኝ። አየሽ? ልብ ካደረግኩ ደህና ነኝ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ጣቴ አብጧል። ፈጠን ብዬ ነው የሠራሁት። አምስት ረድፍ ጠማማ። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ።

አልነካሁትም። ምላለሁ አልነካሁትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ኩሽና ያለውን ፕሪንተር አስመረመርኩ፤ ምናልባት ከሱ ይሆናል ብዬ። ከሌላ ቢሮ የመጣ ደብዳቤ አተሙበት፤ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ሆኖ ወጣ። ንብረት ክፍሉ "ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለኝ። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ እንግዲህ ማን ነው የታመመው? አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ ራሴን የጠየቅኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 8

በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ የሹራቤን ቁልፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እቆጥራለሁ። ማባዛት በቃሌ እወጣለሁ። ትናንት የቀድሞ ጎረቤታችንን ስም ፈልጌ አጣሁት፤ ድስት ሳጥብ ድንገት መጣልኝና ብቻዬን "አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ ሰው ቢኖር ምን ይል ነበር?

ሐኪም አላማክርም። የምሠራው ሆስፒታል ነው፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ ካወቀች በር ላይ ያለው ጥበቃ ያውቃል። እኔ ያስለመድኳቸው አመል ነው፤ እዚያ ቤት ወሬ የሚያድረው እኔ ሳልሰማው ሲቀር ብቻ ነበር።

ልጄ ትደውላለች። ሕፃኑ እየረገጣት እንደሆነ ትነግረኛለች። "እማ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ። እኔን! ዝም አልሽ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

በሩጫ ነው።

አልጋ አሥራ አራት። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር። ስኳር ያለባቸው፤ ባገኙኝ ቁጥር "ትኬት ቆርጠሻል?" የሚሉኝ። ትናንትና ዛሬ ጣፋጭ ጭማቂና ኬክ ሲሰጣቸው ውሏል። ራሳቸውን ሳቱ። በጋሪ ወደ ጽኑ ሕሙማን ሲወስዷቸው ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ እግራቸው ካልሲ የለውም።

ትናንት ጠዋት ብርድ ነበር። ግማሹን እንደጻፍኩ ጣቴ ያዘኝ። ከአልጋ አሥራ ሁለት በኋላ ነው መሰለኝ። ኤክሱን ስኳር ሥር አድርጌያለሁ። አድርጌያለሁ?

ፈጣሪ ሆይ፣ ይትረፉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ነቅተዋል። ውሃ ጠይቀው ጠጡ አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሌላውንም ልጻፈው። የምግብ ክፍሉ ኃላፊ ማንቆርቆሪያን ይዟት ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱ የለም፤ ሾርባ ፈሶበት ተጥሏል፤ የኩሽናው ኮምፒውተርም ካተመ በኋላ አያስቀምጥም። "እርስዎ ጋ ያለውን ያሳዩኝ" አለኝ። ከፈትኩት። አልጋ አሥራ አራት፣ ኤክስ፣ ስኳር ሥር። ቀጥ ያለ።

"ጌታዬ፣ የደረሰኝ ላይ ኤክሱ ጨው ሥር ነው" አለች ማንቆርቆሪያ፤ ፉጨቷ ጠፍቷል። "ሠንጠረዡ አንዳንዴ ተዛንፎ ነው የሚመጣው። እሷን ይጠይቋት።"

ወደኔ ዞረ። "እውነት ነው?"

"እኔ ጋ ቀጥ ያለ ነው" አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ውሸት የለበትም። ስክሪኑም ምስክሬ ነው። ማንቆርቆሪያ ግን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ጉዳዩ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግዳለች።

ሽርጡ አሁንም እዚያው አለ። ማንሳት አልቻልኩም።

ውሸት አልተናገርኩም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ልጄና ባሏ ዕቃቸውን ጭነው ዛሬ ገቡ። ሆዷ ፊት ፊት ይቀድማታል። አልጋ ስንዘረጋ፣ መጋረጃ ስንሰቅል፣ ስንሳሳቅ ዋልን። ከዚያ "የሕፃኑን አልጋ አንቺ ቤትም አንድ እናስገባ" ስትል፣ ሳላስበው "ሞግዚት ብትፈልጊ አይሻልም?" አልኳት።

መጋረጃውን ለቀቀችው። "ምን አልሽ?"

"አይ፣ እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ። ጣቴም… ሥራም አለብኝ።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ እማ።"

እንዴት ልንገራት? እናቴ አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ታቅፋ ወጥታ፣ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀምጣው፣ ባዶ እጇን እየዘፈነች ተመልሳለች። ሕፃኑ ደህና ነበር፤ ባለሱቁ አምጥቶታል። እኔ ግን ያንን ባዶ እጇን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። አሁን የራሴን እጅ ሳይ የሷ ነው የሚመስለኝ።

ልጄ ወደ ቤት አልሸኘችኝም። ባሏ ነው የሸኘኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

ደረጃው ሥር ሁለት የጽዳት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ሬዲዮዋ ምነው ሰሞኑን?" "ሞገድ ለቀቀባት መሰለኝ። ቆማ ቁልፏን ስትቆጥር ነበር እኮ።" "እናቷስ እንዲህ ሆና አይደል የሞተችው?" ተሳሳቁ። በክፋት አይደለም። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

እንዳይሰሙኝ ብዬ በእግር ጣቴ ተመለስኩ።

ልጄ አልደወለችም።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ማንቆርቆሪያ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ "ሬዲዮ! ባትሪሽ አልቆ ነው ወይስ ልትጠይቂኝ ነው?" አለችኝ። አስገባችኝ። ቤቷ ጥርት ያለ ነው፤ ሰው ሥራ ሲያጣ ቤቱን ያሻል። የመስኮቱን መከለያ ሳይቀር አውርዳ አጥባዋለች።

"ውሳኔው ዓርብ ነው" አለች። "የሚያባርሩኝ ይመስለኛል።"

"እዚያ አይደርስም።"

"ሰውየውን እኮ ያበላኋቸው እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። 'ዛሬስ ደግሰሽልኛል' ብለው መረቁኝ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሚ፤ እኔ ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ኤክሱ ጨው ሥር ነው ያየሁት። ግን አንቺ ጋ ስኳር ሥር ነው። ምናልባት ዓይኔ ይሆን? ምናልባት አርጅቼ ይሆን?"

የኔ ፍርሃት ተጋብቶባታል፤ እኔ ነኝ ያጋባሁባት። "አይደለም፣ አንቺ ደህና ነሽ፣ እኔ ነኝ" ልላት አፌን ከፈትኩ። "ውሃ ስጪኝ" ብዬ ዘጋሁት።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት። ሌላው ጊዜ አፌ አያርፍም። ይሄኔ ነው የሚያርፈው?

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ትናንት ወሰንኩ። ከዓርብ በፊት እውነቱን እናገራለሁ፤ ግን እርግጠኛ ልሁን፣ አንድ ሰው በዓይኑ ይየኝ አልኩ። የኮምፒውተር ጥገናውን ሽማግሌ ጠራሁት። ብሎን ይሉታል፤ ሁልጊዜ ከንፈሩ መሃል ብሎን ይዞ ነው የሚያወራው። ነጭናጫ ነው፤ ሰው አይወደውም።

"ምን ተበላሽቶ ነው?" አለ።

"እኔ" አልኩት።

በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስለ እናቴ፣ ስለ ሹራቧ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ማንቆርቆሪያ። "አጠገቤ ቁመህ ስጽፍ እየኝ። ከላክሁ በኋላ መልሼ ነክቼ ማስተካከሌን፣ ረስቼም 'አልነካሁም' ማለቴን አንተ ትመሰክራለህ" አልኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ለነጭናጫ ሰው! ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተውና "ጻፊ" አለኝ።

ጻፍኩ። ጣቴ ያመኝ ነበር፤ እንደልማዴ ጻፍኩ። ላክሁ። እሱ መዳፉን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። "በይ፣ እጄ እዚህ አለ። አሁን ማን ይነካዋል?" ከዚያ ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ አብረን ወደ ኩሽና ወረድን። ከፕሪንተሩ የወጣውን ወረቀት እኔ ለማየት ፈራሁ። እሱ አነሳው።

"ጠማማ ነው" አለ።

ተመለስን። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ።

"ነካሁት?" አልኩት።

"አልነካሽውም።"

"ማልልኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው ያለው! አልነካሽውም። ጤነኛ ነሽ። የታመመው ሠንጠረዡ ነው።"

ወንበሬን ነጥቆኝ ተቀመጠ። የማይታየውን ምልክት ሁሉ አሳይ የሚል ትእዛዝ አለው ለካ ያ ፕሮግራም! ሲጫነው ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ በምልክት ተሞላ። ጠባቡ ክፍተት ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ሆነ። በነጥቦቹ መሃል ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የት የት? ጣቴ ደክሞት ሰፊውን ክፍተት የመታሁበት ቦታ ሁሉ!

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለ።

እንግዳዋን ቁልፍ አሳየሁት። አያት፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ያ ነጭናጫ ሰው ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሩቅ አገር ሰዎች ፊደላቸው ሰፋፊ ስለሆነ ክፍተታቸውም የሁለት ያህል ሰፊ ነው አለኝ። የኔ ኮምፒውተር ያውቀዋል፤ ሁለት ቦታ ይሰጠዋል፤ ለዚህ ነው ቀጥ ብሎ የሚታየኝ። የኩሽናው አሮጌ ማሽን ግን አያውቀውም፤ አንድ ቦታ ብቻ ሰጥቶት ያልፋል። በየሰፊው ክፍተት አንድ አንድ ቦታ እየጎደለ ኤክሱ ወደ ግራ ይሄዳል። የሌላው ቢሮ ደብዳቤ ቀጥ ያለው ሰፊ ክፍተት ስለሌለው ነው። እኔም በቀስታ፣ በጠባቡ የሠራሁ ቀን ቀጥ ይል የነበረው ለዚሁ ነው። ብርድ የሆነ ቀን ሁሉ፣ ጣቴ ያመመኝ ቀን ሁሉ! ይሄው እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!

መድኃኒቱ ደግሞ! "ሰፊውን ፈልግ፣ በሁለት ጠባብ ተካ" ብሎ አዘዘው፤ ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጥብ ሆኑ። ልከን ወረድን። ወረቀቱ ቀጥ ያለ።

"ጥፋተኛ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። "ጭንቅላቴ ደህና ነው! ጥፋተኛ ነኝ!" የኩሽና ሠራተኞች ማንኪያቸውን ይዘው ቀሩ።

ደስታው ደረጃውን እስክወጣ ነው የቆየው። ጠረጴዛዬ ላይ ሽርጡ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሌሊቱን በፍርሃት አደርኩ። ድሮ የምፈራው መታመሜን ነበር፤ አሁን ደግሞ ጤነኛ ሆኜ መገኘቴን። ታማሚ ይታዘንለታል።

ጠዋት ኃላፊው ጋ ገባሁ። ወረቀቶቹን፣ ነጥቡን፣ ሳጥኑን አሳየሁት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሠንጠረዡ እንደሚዛነፍ ከጥር ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ደበቅሁ" አልኩ። ሳልፈልግ ፈገግ ብዬ ኖሮ "እርስዎ ግን ደህና ነዎት?" አለኝ። "ደህና ነኝ! እሱን ነው እኮ የምነግርዎት!"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከእንግዲህ በየቀኑ ወርጄ የታተመውን ከላክሁት ጋር ሳላመሳክር ምግብ አይወጣም። ይገባኛል። ከዚህም በላይ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ አልጋ አሥራ አራት። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "ትኬት ቆርጠሻል?" አሉኝ። "የለም አባቴ፣ ቅጣት ልከፍል ነው የመጣሁት" ብዬ ነገርኳቸው። "ኬኩ ግን ጥሩ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እጄን ያዙና "ሁለተኛ እንዳታደርጊው ልጄ። ልሞት ነበር" አሉኝ። በቀልድ አላሉትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ሽርጧን አጥቤ፣ ተኩሼ ማንቆርቆሪያ ቤት ወሰድኩላት። እገዳው እንደተነሳ ሰምታለች። በሩ ላይ ቆማ አላስገባችኝም።

"አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ" አለች። "ቤቴ የመጣሽ ቀን፣ ዓይኔን ስጠራጠር፣ ሬዲዮ አልነበርሽም? አፍሽ የት ሄዶ ነበር?"

"ፈራሁ" አልኩ።

"እኔስ?"

ሽርጡን ተቀብላኝ በሩን ዘጋች። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻል ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ልጄ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ከሞግዚት ወሬው ጀምሮ እስከ ሳጥኖቹ። እየሰማች አለቀሰች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄን ያልፈለግሽው መስሎኝ ነበር።"

"እኔ? እኔ ያልፈለግኩት?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብታመምስ ብዬ። እንደ አያትሽ ብሆንስ?"

አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ ተነስታ፣ ሹራቤን ከላይ እስከ ታች ፈታችና አንድ በአንድ መልሳ ቆለፈችው፣ እሷ ሕፃን ሳለች እኔ እንዳደረግኩላት። "ትታመሚያለሽ፣ አትታመሚም፣ አላውቅም" አለች። "ከታመምሽ እኔ እቆልፍልሻለሁ። ብቻ አትደብቂኝ።"

ዘጠኝ ወር ሊሞላት ጥቂት ብቻ የቀራት ሴት ስታለቅስ ሆዷም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሕፃኑ እጄን ረገጠኝ። ይገባኛል።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

የዛሬውን ሠንጠረዥ ላመሳክር ኩሽና ስወርድ ማንቆርቆሪያ አላናገረችኝም። ወረቀቱን ግን አብራኝ አነበበችው፤ እኔ ስጠራ እሷ በጣቷ እየተከተለች። አልጋ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ በጥርሷ መሃል አፏጨች። ተናዳብኛለች ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። የዘጋችኝ ሰሞን እኮ ማፏጨቷንም ትታው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ሴት ናት! ትናንት ረፋድ ላይ፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ድምፅዋ ከኔ የባሰ! ባሏ "እኔ ቤት ሁለተኛ ሬዲዮ ተተከለ" አለኝ። ታቀፍኳት። መጀመሪያ ፈራሁ፤ እጄን አየሁት፤ የኔው እጅ ነው፤ አበጥ ያለ አውራ ጣት ያለው። አጥብቄ ያዝኳት።

ዛሬ ጠዋት ሹራቤን አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ቆልፌ ተገኘሁ። እንደገና ደሜ ደረቀ። ቆይቼ ግን መዛነፉን ማንም ሳይነግረኝ ያየሁት እኔው ራሴ መሆኔ ገባኝ፤ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩም እኔው ነኝ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልወጣም። ማታ ለልጄ ነገርኳት። "እሺ" አለችኝ፤ ሕፃኗን እያጠባች። ይኸው ነው፤ "እሺ" ብቻ። እንዴት ቀለለኝ!

ብሎን እንግዳዋን ቁልፍ ከኪቦርዱ ነቅሎ ሰጠኝ፤ ቦታዋ ላይ እንደወለቀ ጥርስ ቀዳዳ ቀርቷል። "መታሰቢያ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትተክያት" አለኝ። ለሕፃኗ መወለድ ለምደግሰው ድግስ ስጠራው ብሎኑ ካፉ ወደቀ፤ ማንም ጠርቶት አያውቅም መሰለኝ። አባታችን ሾፌሩም ወጥተው ቤታቸው ናቸው፤ ይመጣሉ፤ ለሳቸው ስኳር የሌለበት ኬክ ለብቻ ይጋገራል፤ ሳህኑ ላይ እኔው በእጄ ኤክስ አደርግበታለሁ።

ማንቆርቆሪያንም ጠየቅኳት። ሽርጧን እየታጠቀች ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ "ምግቡን እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ ካበሰልሽማ ሰው ይታመማል" አለች። "ሳህን የምታጥቢው ግን አንቺ ነሽ። እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ። እያጠብሽም አንድ ቃል አልሰማም።" እሺ አልኳት። ምን ቸገረኝ! እስኪነጋ አጥባለሁ።

እንግዲህ ንብረት ክፍሉ፣ ነርሶቹ፣ የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ከደረጃ ሥር የሳቁብኝ ሁለቱ የጽዳት ሴቶችም፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይለኝ፤ ሬዲዮው ተመልሷል፤ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ይነገራል። የልጅ ልጄን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ነው የምቀበላችሁ፦ እሑድ፣ ሚያዝያ 20፣ ከረፋዱ ጀምሮ፣ እኔ ቤት።